ኮምፒውተር ሳይንስና ውዝዋዜ በአንድ ዲግሪ፦ ሁለት ትምህርት የት ይገናኛል?



የዲፓርትመንት ምርጫ በቀረበ ቁጥር በየዶርሙ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የምወደውን ልማር ወይስ ሥራ የሚያስገኘውን?» በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅም አንድ ወጣ ያለ ምሳሌ ይዘን ቀርበናል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ሳይንስንና ውዝዋዜን (ዳንስን) ጎን ለጎን ተምረው የሚመረቁ ተማሪዎች አሉ። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። የውዝዋዜን ሸሪዓዊ ብይን ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን፤ ቦታው ይህ አይደለም። እኛ የምናየው ሁለቱ ትምህርቶች የት እንደሚገናኙና ከዚያ ምን እንደምንማር ነው።

አሠራሩ እንዴት ነው?

በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 4 ዓመትና ወደ 120 ክሬዲት ሰዓት ይፈጃል። ዋናው የትምህርት ዘርፍ (ሜጀር) ከዚህ የሚወስደው ከፊሉን ነው፤ ቀሪው የጋራ ኮርሶችና ተማሪው ራሱ የሚመርጣቸው ናቸው። ሁለት ዘርፍ ማጣመር የሚቻለውም በዚህ ክፍት ቦታ ነው። መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው። በማይነር ተማሪው ከሁለተኛው ዘርፍ ጥቂት ኮርሶችን ብቻ ይወስዳል። በደብል ሜጀር የሁለቱንም ዘርፎች ግዴታ ሙሉ በሙሉ ያሟላል። ሦስተኛው የተጣመረ ፕሮግራም ነው፦ ሁለት ዲፓርትመንቶች ተስማምተው ከየራሳቸው ኮርስ ይቀንሱና ሁለቱን የሚያገናኝ የመመረቂያ ፕሮጀክት ያሠራሉ።

ሦስተኛው መንገድ ቀላል አይደለም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2014 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተር ሳይንስን ከሙዚቃና ከእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ጋር የሚያጣምር የሙከራ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አቆመው። የተመዘገቡት ከተጠበቀው ያነሱ ነበሩ፤ የሁለቱን ግዴታ አሟልቶ በጊዜው መጨረስም ከባድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሁለት ትምህርት መደረብ ብቻውን ጥቅም የለውም። ጥቅሙ ያለው ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው መገናኛ፦ እንቅስቃሴን መጻፍ

ሙዚቃ በኖታ ይጻፋል። የሰውነት እንቅስቃሴስ? ሩዶልፍ ላባን በ1928 እ.ኤ.አ. አንድ የአጻጻፍ ስልት አሳተመ። ገጹ ከታች ወደ ላይ ይነበባል። የምልክቱ ቅርጽ አቅጣጫን፣ ርዝመቱ ጊዜን፣ አቀላለሙ ከፍታን (ዝቅ፣ መካከለኛ፣ ከፍ) ያሳያል። ፕሮግራሚንግ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ወዲያው ይገባዋል፤ ዳታ ነውና። አቅጣጫ፣ ጊዜ፣ ከፍታ፣ የሰውነት ክፍል፦ አራት ተለዋዋጮች።

በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚህ ዓይነት ሐሳብ ተነስተው «ላይፍ ፎርምስ» የተባለ ሶፍትዌር ሠሩ። ታዋቂው አሜሪካዊ የውዝዋዜ አቀናባሪ መርስ ከኒንግሃም በ70ዎቹ ዕድሜው ሰውነቱ እንደ ድሮው አልታዘዝ ሲለው፣ እንቅስቃሴዎችን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ እያቀናበረ ሥራውን ቀጠለ።

ሁለተኛው መገናኛ፦ አልጎሪዝምን በሰው ማሳየት

በሩማንያ ሳፒየንቲያ በተባለ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራን በ2011 እ.ኤ.አ. አልጎሪዝም ለማስተማር የሕዝብ ውዝዋዜን ተጠቀሙ። ተወዛዋዦቹ ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው ይሰለፋሉ፤ ጎን ለጎን ያሉት ይነጻጸራሉ፤ ትልቁ ከፊት ከሆነ ቦታ ይቀያየራሉ። ይህ በክላስ «በብል ሶርት» እየተባለ የምንማረው ነው።

እስቲ በአራት ሰው እንሞክረው። ሰልፉ 5፣ 2፣ 4፣ 1 ይሁን። 5 ከ2 ጋር ይቀያየራል፣ ቀጥሎ ከ4፣ ቀጥሎ ከ1። ሰልፉ 2፣ 4፣ 1፣ 5 ሆነ፤ ትልቁ መጨረሻ ቦታውን ያዘ። በሁለተኛው ዙር 2፣ 1፣ 4፣ 5 ይሆናል። በሦስተኛው 1፣ 2፣ 4፣ 5። በጠቅላላው 6 ንጽጽር አደረግን። ሰዎቹ 10 ቢሆኑ እስከ 45፣ 100 ቢሆኑ ደግሞ እስከ 4,950 ንጽጽር ያስፈልጋል። ሰዉ በ10 እጥፍ ሲጨምር ድካሙ በ100 እጥፍ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ይህን በቀመር ከማንበብ ይልቅ ተሰልፎ ያየ ሰው አይረሳውም። የፈተና ሰሞን ከዶርም ልጆች ጋር ወረቀት ይዛችሁ ብትሠሩት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሦስተኛው መገናኛ፦ ሰውነትን መለካት

በሞሽን ካፕቸር ስቱዲዮ በሰውነት ላይ ትንንሽ አንጸባራቂ ኳሶች ይለጠፋሉ። በዙሪያው ያሉ ካሜራዎች የእያንዳንዱን ኳስ ቦታ በሦስት ቁጥር ይመዘግባሉ። ለምሳሌ 40 ኳስ ቢኖርና በሰከንድ 120 ጊዜ ቢመዘገብ፣ በሰከንድ 14,400 ቁጥር፣ በደቂቃ ደግሞ 864,000 ቁጥር ይመጣል ማለት ነው። ይህ ቴክኖሎጂ ከመድረክ አልፎ የታማሚን አረማመድ ለመመርመርና ለአኒሜሽን ሥራም ይውላል።

ዋናው ጥያቄ ግን ኳሱ የት ይለጠፍ የሚለው ነው። እስክስታን መመዝገብ የፈለገ ኢንጂነር ኳሶቹን በእጅና በእግር ላይ አብዝቶ ትከሻ ላይ አንድ አንድ ብቻ ቢለጥፍ፣ የሚያገኘው ዳታ ብዙ ቢሆንም እስክስታው በውስጡ የለም። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ኮዱም ትክክል ነው። የጎደለው የሚለካውን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለቱን ትምህርት በአንድ ራስ ማገናኘት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ብዙዎቻችን ሁለት ትምህርት ይዘን ነው ግቢ የገባነው፤ ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ። ግቢ ስንገባ ግን የመድረሳውን «ለአኺራ ነው» ብለን ከሙያችን ለይተን እናስቀምጠዋለን። ለአኺራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት መሆኑም እውነት ነው።

ቁርኣን የሚቀራን ልጅ ስህተት የሚያርም ሶፍትዌር እንሥራ ብንል ምን ያስፈልገናል? መደበኛው የንግግር መለያ ፕሮግራም ቃሉ ምን እንደሆነ ይለያል እንጂ ድምፁ ስንት ሐረካ እንደተሳበ ግድ አይሰጠውም። ተጅዊድ ለተማረ ግን በ2 ሐረካ መድና በ6 ሐረካ መድ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ከጉሮሮ የሚወጣው «ሓ» እና ለስላሳው «ሃ» በኛ አፍ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ በቁርኣን ግን ትርጉም ይለውጣሉ። ይህን የማያውቅ ኢንጂነር ኳሱን እጅና እግር ላይ ብቻ እንደለጠፈው ሰው ነው። የሚያውቀው ግን ምን መለካት እንዳለበት ከመጀመሪያው ያውቃል።

በኛ ዩኒቨርሲቲዎች የምንመደበው በአንድ ዲፓርትመንት ስለሆነ ደብል ሜጀር እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ስንመርጥ ሌላው ዕውቀታችን የሚገባበትን እንፈልግ። መሣሪያው ውድ ነው የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም፤ የጎግል «ሚዲያፓይፕ» በነጻ የሚገኝ ሲሆን በተራ ስልክ ካሜራ 33 የሰውነት ነጥቦችን ይለያል። በዚህ የፊዚዮቴራፒ ታካሚ እንቅስቃሴውን በትክክል መሥራቱን የሚከታተል ፕሮጀክት መሞከር ይቻላል። የጤና ተማሪ የሆነች እህትና የኮምፒውተር ተማሪ የሆነ ወንድሟ እቤት ሲገናኙ ሊነጋገሩበት የሚችል ርዕስ ነው።

ስለዚህ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት «የትኛውን ልተው?» ከማለት «ሌላው የማውቀው ነገር እዚህ የት ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለሲኒየሮች አሳዩ፤ በጀማዓችንም የሚያማክሯችሁ አታጡም፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን።