ሻንጣውን ሳይሆን መርፌውን ይዩ

ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር አንድ ወሬ አለ። ሸክላ «ሙሉ» ድምፅ ይዟል፤ ሲዲና ስልክ ግን ድምፁን እንደ ሽንኩርት ከትፈው መሃል መሃሉን ይጥሉታል ይላል። ወሬው እዚህ ላይ አያበቃም። ስለዚህ ያ በድሮ ሻንጣ መልክ የተሠራው፣ ክዳኑ ሲከፈት የአያትን ሳሎን የሚያስታውሰው ማጫወቻ ከየትኛውም ዘመናዊ መሣሪያ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል ብሎ ያርፋል። የመጀመሪያው ግማሽ ስህተት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ከስህተትም አልፎ ገንዘብ ያስወጣል።

ገበያው ቀልድ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 41 ሚሊዮን ያህል ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ በ33 ሚሊዮን ተወስኗል። በቁጥር ሸክላ ሲዲን ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ መሆኑን፣ ሸክላው ያንን መንቀጥቀጥ በጠመዝማዛ ቦይ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ መያዙን አንባቢ ያውቀዋልና እንለፈው። የመከተፉን ነገር ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የድምፁን ልክ ይመዘግባል። ወሬ አቀባዩ እነዚህን ልኮች እንደ ደረጃ ደርድሮ ይስላቸውና «አያችሁ ክፍተቱን!» ይላል። ደረጃው ያለው በሥዕሉ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ነጥብ ከተሰጠ በመካከላቸው የሚያልፈው ቀጥታ መስመር አንድ ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ የድምፁ የንዝረት ፍጥነት ጣሪያ ከታወቀ በነጥቦቹ ሁሉ የሚያልፈው ሞገድም አንድ ብቻ ነው። የሰው ጆሮ የሚደርስበት ጣሪያ በሰከንድ 20,000 ንዝረት ገደማ ነው፤ 44,100 ልክ ለዚያ ይበቃል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክላውድ ሻነን ይህን በሒሳብ አስረድቶ ያሳተመው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ነገር ዛሬም እንደ አዲስ ይከራከሩበታል።

ቀልዱ ደግሞ ሌላ ነው። ከዛሬዎቹ አዳዲስ ሸክላዎች ብዙዎቹ የሚቀረጹት ከዲጂታል ፋይል ነው። በ2022 ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ፣ «ንጹሕ አናሎግ» ተብለው በውድ የሚገዙ ሸክላዎቹን ሲያዘጋጅ ዲጂታል ቅጂ በመሃል ይጠቀም እንደነበር አመነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዲጂታሉን በጆሯችን እንለያለን የሚሉት ገዢዎቹ አላስተዋሉትም ነበር።

እንግዲህ ሸክላ የሚደነቅበት ሌላ ነገር አለው፤ እሱም ሜካኒኩ ነው። (ስሙ ሸክላ ቢሆንም ቁሱ ቪኒል የተባለ ፕላስቲክ ነው። ከ1940ዎቹ በፊት የነበረው፣ ከሼላክ ሙጫ የሚሠራው ግን እንደ እውነተኛ ሸክላ ሲወድቅ ይሰበር ነበር።) ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ይዞራል። ዙሩ አይለወጥም፤ መርፌው ሥር የሚያልፈው መንገድ ግን ይለወጣል። በጠርዙ በኩል ቦይው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ መሃል አካባቢ ሲደርስ ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በሰከንድ 10,000 ጊዜ የሚርገበገብ ቀጭን ድምፅ፣ ለምሳሌ የጸናጽል ጫፍ፣ በጠርዙ ላይ እያንዳንዱ ሞገዱ 50 ማይክሮ ሜትር ይረዝማል። መሃል ላይ ያው ሞገድ በ21 ማይክሮ ሜትር ውስጥ መጠቅለል አለበት፤ ከፀጉር ይቀጥናል።

ተራው ክብ መርፌ ደግሞ የጫፉ ሬዲየስ 18 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። የቡና ስኒ ውስጡን በጭልፋ ጫፍ ለመጥረግ መሞከር ማለት ነው፤ ወይም ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና በሰፈር ቅያስ ውስጥ እንዲታጠፍ ማዘዝ። መርፌው ኩርባውን ሳይነካው ያልፋል። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ድምፃዊቷ «ስ» ባለች ቁጥር የሚሰማው ፍሽፍሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። በስቴሪዮ ላይ ሥራው ይብሳል፤ የግራው ድምፅ በአንዱ ግድግዳ፣ የቀኙ በሌላው ተቀርጿልና አንዲት መርፌ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማንበብ አለባት። በዚህ ረገድ ባለ 45 ዙሩ ትንሽ ሸክላ የተሻለ ዕድል አለው። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሳተማቸው ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ ቦያቸው መሃል ላይ እንኳ በሰከንድ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሮጣል።

ወደ ሻንጣው እንመለስ። ርካሾቹ መርፌያቸውን በ5 ግራም ገደማ ይጫናሉ፤ ደህና ማጫወቻ ከ2 ግራም ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አይበልጥም። ነገር ግን ባለ ሹል ተረከዝ ጫማ የሳሎን ወለል የሚወጋው ባለቤቷ ስለከበደች አይደለም፤ የሚያርፍበት ቦታ ስለጠበበ ነው። መርፌው ሲዘል ሳንቲም ክንዱ ላይ የሚለጥፉ ሰዎችም አሉ። የአሜሪካ አምስት ሳንቲም ብቻውን 5 ግራም ይመዝናል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎቹም አይስማሙም። አንድ ጊዜ በሻንጣ ማጫወት ሸክላን አይገድልም፤ ቪኒል ተጭኖ መልሶ ይነሣል። አቧራ፣ ያለቀ መርፌ፣ የተዛባ ክንድ ከክብደቱ ሊብሱ ይችላሉ። ቀላል ክብደት ሁልጊዜ ይሻላል ማለትም አይደለም። መርፌው በጣም ከቀለለ ቦይው ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይፈነክተዋል። ስፒከሩ ከመርፌው ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ መኖሩ ግን የሚያከራክር አይደለም፤ ንዝረቱ ዞሮ ወደ መርፌው ይመለሳል።

የድሮ መልክ ያለው ሁሉ የውሸት ነው ማለት ግን አይደለም። የጃፓኑ ኦዲዮ-ቴክኒካ በ1980ዎቹ የሠራውን በእጅ የሚያዝ ማጫወቻ፣ «ሳውንድ በርገር»ን፣ በ2022 መልሶ ሲያወጣ የሚቀየር የአልማዝ መርፌ ሰጥቶታል። የቴክኒክስ ማጫወቻ ኤስኤል-1200ም በ1972 ተወልዶ፣ በ2010 ተቋርጦ፣ በ2016 ተመልሷል፤ በመልኩ ተገዝቶ በሥራው አያሳፍርም። ዋጋው ለከበደው፣ የኦዲዮ-ቴክኒካው ኤልፒ120 ያንኑ መልክ ይዞ፣ ክብደት ማስተካከያ ሚዛን አለው።

ሱቅ ሲገቡ እንግዲህ የቆዳውን ቀለም ትተው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ መርፌው ይቀየራል? ክብደቱስ ስንት ግራም ነው? ሻጩ ካላወቀ፣ ሻንጣው ላይ የሙላቱ አስታጥቄን ዳግም የታተመ ሸክላ ቢያጫውቱ ግድ የለም። አባትዎ ያስቀመጡትን ዋናውን ቅጂ ግን አያስነኩት።