ስለ ዓሣ ማጥመጃ መንኰራኵር የፕላስቲክ ሮንዴላ፤ አመራረጡና አሠራሩ

በሐይቅና በወንዝ ዳር የሚኖር ዓሣ አጥማጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በመረብና በተራ መንጠቆ ነው። ነገር ግን በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ፤ ናይል ፐርች የሚባለውን ትልቅ ዓሣ በዘንግና በመንኰራኵር የሚያጠምዱ እንግዶችና እነርሱን የሚመሩ የአገር ልጆች አሉ። ይህ ዓሣ ሲያድግ ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል፤ መንጠቆውን ይዞ በሮጠ ጊዜ የሰው ክንድ ብቻውን አይመልሰውም። የሚመልሰው በመንኰራኵሩ ውስጥ የተሰወረው ፍሬን ነው፤ የፍሬኑም ሥራ በሙሉ የተጣለው እንደ ሳንቲም በሳሱ ጥቂት ሮንዴላዎች ላይ ነው።

ሮንዴላው የተበላሸ እንደ ሆነ ክሩ ይበጠሳል። የዚህም ጕዳቱ አንድ ዓሣ በማጣት ብቻ አያበቃም፤ ዓሣው መንጠቆውን በአፉ እንደ ያዘ ይሄዳል፤ ክሩም በውሃ ውስጥ ቀርቶ የውሃ ወፎችን እግር ይተበትባል። ባለቤቱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን መንኰራኵር አረጀ ብሎ ይጥለዋል። ሮንዴላው ግን ከሰዓት በኋላ በአንድ መቀመጫ በእጅ ሊሠራ የሚችል ነገር ስለ ሆነ፤ ምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚቈረጥ ከዚህ በታች ተገልጦአል።

1ኛ፤ የፍሬኑ አሠራር

መንኰራኵሩ ክር የሚጠመጠምበት ማጠንጠኛና እጀታ፤ በመካከላቸውም ኃይል የሚያስተላልፉ ባለ ጥርስ ጎማዎች አሉት። በትልቁ ባለ ጥርስ ጎማ ሆድ ውስጥ ሮንዴላዎች እንደ እንጀራ ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ብረት፤ አንዱ ፕላስቲክ እየሆነ ይፈራረቃል። ከብረቶቹ አንዳንዱ ጆሮ አለውና ጆሮው በጎማው ስንጥቅ ገብቶ ከጎማው ጋራ ይዞራል፤ ሌላው መካከለኛ ቀዳዳው ክብ ስላልሆነ ከእጀታው ምሰሶ ጋራ ተያይዞ ይቆማል። ፕላስቲኩ በሁለቱ መካከል ነው። ከውጭ ያለው የኮከብ ቅርጽ ያለው ዳዶ ሲጠብቅ ድርድሩ ይጨመቃል፤ ዓሣው ሲስብ ጎማው ወደ ኋላ ይዞራል፤ እጀታው ግን አይዞርም፤ ልዩነቱን ሮንዴላዎቹ በመንሸራተት ይሸከሙታል።

ይህ ባለ ኮከብ ፍሬን በአሜሪካ የተጀመረ ነው። ከዚያ በፊት አጥማጁ ክሩን የሚገታው የቆዳ ቍራጭ በአውራ ጣቱ በመጫን ነበር፤ ዓሣው ሲሮጥም እጀታው ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የጣት አንጓ ይሰብር ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1913 ዊልያም ቦሸን የተባለ አጥማጅ ባሰበው መሠረት፤ ጁሊየስ ቮም ሆፍ በኒው ዮርክ በብሩክሊን ይህን ዓይነት መንኰራኵር ሠራለት። ቦሸንም በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ በካታሊና ደሴት አጠገብ ሰይፍ ዓሣ አጠመደበት።

2ኛ፤ ክሩ የሚበጠስበት ምክንያት

ብዙ ሰው ጥሩ ፍሬን ማለት አጥብቆ የሚይዝ ፍሬን ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ጥሩ ፍሬን ማለት አያያዙ የማይለዋወጥ ፍሬን ማለት ነው።

ከባድ ሳጥን በወለል ላይ የገፋ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሳጥኑን ከቆመበት ለማንቀሳቀስ ብዙ ጕልበት ያስፈልጋል፤ ከተነሣ በኋላ ግን ባነሰ ጕልበት ይሄዳል። በሮንዴላም እንዲሁ፤ የመነሻው መያዝ ከሩጫው መያዝ የበለጠ እንደ ሆነ ፍሬኑ እየያዘና እየለቀቀ ይነጥራል፤ ክሩም በየንጥረቱ ይመታል።

ለምሳሌ ክሩ 10 ኪሎ የሚችል ይሁን፤ ፍሬኑም ማጠንጠኛው ሙሉ ሳለ በ3 ኪሎ እንዲንሸራተት ይደረግ። ዓሣው ብዙ ክር ወስዶ በማጠንጠኛው ላይ ያለው የክር ጥቅል ስፋቱ በእኵሌታ ያነሰ እንደ ሆነ፤ ኮከቡን ማንም ሳይነካው ክሩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ሆኖ 6 ኪሎ ይደርሳል። እስከዚህ ክሩ ይችላል። ነገር ግን የሮንዴላው የመነሻ መያዝ የሩጫውን እጥፍ ከሆነ፤ ዓሣው ጥቂት ቆሞ እንደ ገና በተነሣ ጊዜ 12 ኪሎ ይሆናል፤ 10 ኪሎ የሚችለውም ክር ይበጠሳል። መነሻውና ሩጫው እኩል ቢሆኑ ግን ከ6 ኪሎ አያልፍም ነበር። እንግዲህ ዓሣውን ያስመለጠው የክሩ ድካም ሳይሆን የሮንዴላው ጠባይ ነው።

3ኛ፤ ፕላስቲኩን ስለ መምረጥ

ሀ፤ ቴፍሎን። ይህን የተገኘው በመጋቢት 28 ቀን 1930 ዓመተ ምሕረት፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአፕሪል 6 ቀን 1938፤ ሮይ ፕላንኬት የተባለ የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት በኒው ጀርሲ ሌላ ነገር ሲመረምር ነው። ውሃ አይጠጣም፤ ጨውና ዘይት አይጐዱትም፤ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ የመነሻው መያዝና የሩጫው መያዝ እኩል ለመሆን የተቃረበ መሆኑ ነው። ጕድለቱ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛ፤ እጅግ አንሸራታች ስለ ሆነ ዳዶው በብርቱ መጥበቅ አለበት። ሁለተኛ፤ በብርቱ ሲጨመቅ እንደ ሰም ቀስ እያለ ወደ ጐን ይፈሳል፤ ይሳሳልም። ስለዚህ ሰፊና ስስ ተደርጎ ይቈረጣል፤ ወይም መስተዋት አለዚያም ከሰል የተቀላቀለበት ዓይነት ይመረጣል። መስተዋት ያለበት ግን እንደ አሉሚኒየም ያለውን ለስላሳ ብረት ስለሚፍቅ፤ ከጠንካራ ብረት ጋራ ብቻ ይጋጠማል።

ለ፤ አሲታል። ዱፖንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 ጀምሮ ዴልሪን በሚል ስም የሸጠው ነው። ጠጣር ነው፤ እንደ ቴፍሎን አይፈስም፤ ውሃ የሚጠጣውም ጥቂት ነው፤ በቶርኖ ቤትም በጥሩ ይቀረጻል። በለሰለሰ ብረት ላይ ሳይነጥር ይንሸራተታል። የሚቀልጠው በ175 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ሐ፤ ፖሊኢትሊን። ነጩ የሥጋ መክተፊያ ሰሌዳና ቢጫው ጀሪካን የዚህ ወገን ናቸው። ውሃ አይጠጣም፤ ቶሎም አያልቅም፤ ነገር ግን በ130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ከሰሌዳው የተቈረጠ ለትንሽ ዓሣ መንኰራኵር ይበቃል። የጀሪካን ግድግዳ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፤ መቍረጥን ለመለማመድ እንጂ ለፍሬን አይሆንም።

መ፤ የማይመረጡ። ናይሎን ጠንካራ ቢሆንም ውሃ ይጠጣል፤ ለረጅም ጊዜ የተነከረ እንደ ሆነ ከክብደቱ ከመቶ 8 ያህል ሊጠጣ ይችላል፤ ያብጣልም፤ ስለዚህ ጧት የተስተካከለው ፍሬን ማታ ሌላ ሆኖ ይገኛል። የውሃ ቧንቧና የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክም በ80 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ አይጠቅምም።

ሙቀቱን ማንም እንዳይንቅ ያስፈልጋል። ዓሣ በ5 ኪሎ ፍሬን ላይ 100 ሜትር ክር ቢወስድ፤ ከዚህ የሚወጣው ሙቀት ማምለጫ ባያገኝ 100 ግራም ብረትን ከ20 ዲግሪ ወደ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል። ፕላስቲክ ሙቀትን አያሳልፍምና ይህን የሚሸከሙት የብረቶቹ ሮንዴላዎች ናቸው። ስለዚህም እጅግ ለበረታ ዓሣ ከካርቦን ክር የተሠራ ሮንዴላ ከፕላስቲኩ ይበልጣል፤ የፕላስቲክ ቦታው በትንሹና በመካከለኛው መንኰራኵር ነው።

4ኛ፤ ስለ አሠራሩ

አስቀድሞ መንኰራኵሩ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ይፈታል፤ ሮንዴላዎቹም በወጡበት ተራ ይደረደራሉ። ተራው የጠፋበት ሰው ጆሮ ያለውን ባልሆነ ቦታ አግብቶ ፍሬኑን ፈጽሞ ያስረዋል።

ከዚያ የአሮጌው ሮንዴላ የውጭ ስፋት፤ የቀዳዳው ስፋትና ውፍረቱ በካሊፐር ይለካል። አሮጌው በሥራ ስለ ሳሳ፤ ውፍረቱ የሚለካው ባልተበላው ጠርዙ ላይ ነው። አዲሱ ከሚገባው በላይ የወፈረ እንደ ሆነ ዳዶው ጥርሱን ሊይዝ አይችልም፤ የሳሳ እንደ ሆነ ደግሞ ድርድሩ ሳይጨመቅ ዳዶው መጨረሻው ላይ ይደርሳል።

የሚቈረጠው በመዶሻ በሚመታ ክብ የቆዳ መብሻ ነው፤ ከበታቹም ጠፍጣፋ እንጨት ይደረጋል። መብሻ ባይገኝ ስለታም ጫፍ ባለው ኮምፓስ ሊቈረጥ ይችላል። አስቀድሞ የውስጡ ቀዳዳ፤ ከዚያ የውጩ ክብ ይቈረጣል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፤ የውጩን ያስቀደመ ሰው ትንሹን ክብ የሚይዝበት አጥቶ ቀዳዳውን ከመካከል ያስወጣዋል። ቀዳዳው ከምሰሶው በግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይስፋ፤ የውጩም ጠርዝ የጎማውን ግድግዳ እንዳይነካ በዚያው ልክ ይነስ።

ከተቈረጠ በኋላ ጠርዙ ላይ የቀረው ጭረት በምላጭ ይወገዳል። የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ተዘርግቶ ሮንዴላው በክብ እየተሽከረከረ በቀስታ ይታሻል። የብረቶቹም ሮንዴላዎች እንዲሁ ይታያሉ፤ ዝገት ወይም ጭረት ያለበት በደቃቅ ወረቀት ይለሰልሳል፤ የተጣመመ ግን ይለወጣል። ምንም እንኳ ፕላስቲኩ የተመረጠ ቢሆን፤ በተጣመመ ብረት ላይ ይነጥራል። በመጨረሻ ሁሉም በሳሙና ታጥቦ በሚገባ ይደርቃል።

ቴፍሎንን በጋለ ብረት መብሳት ወይም ቍራጩን እሳት ውስጥ መጣል ክልክል ነው። እጅግ ሲግል የሚወጣው ጢስ ሰውን እንደ ንዳድ ያተኵሳል፤ በቤት ውስጥ ያሉ ዶሮዎችንና ሌሎች ወፎችንም ሊገድል ይችላል።

5ኛ፤ ስለ መመዘንና ስለ ማስቀመጥ

ፍሬን በእጅ ስሜት አይታመንም፤ በሚዛን ይመዘናል። መንኰራኵሩ በዘንጉ ላይ ታስሮ የክሩ ጫፍ ከባለ ሞላ ሚዛን ጋራ ይቋጠራል፤ አንድ ሰው ዘንጉን ይይዛል፤ ሁለተኛው ሚዛኑን በቀስታ ይስባል። ክሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር መርፌው ያመለከተውና እየሄደ ሳለ የሚያመለክተው ሁለቱም ይጻፋሉ። ሁለቱ ቍጥሮች ከተቀራረቡ ሥራው መልካም ነው፤ ከተራራቁ ግን ሮንዴላዎቹ እንደ ገና ወጥተው ጠፍጣፋነታቸውና ንጽሕናቸው ይመረመራል። አዲስ ሮንዴላ ጥቂት ጊዜ ከተሳበ በኋላ ቦታውን ስለሚይዝ፤ ሚዛኑ ይደገማል።

ፍሬኑ የሚስተካከለው ማጠንጠኛው ሙሉ ሳለ ክሩ ከሚችለው ከአራት አንድ እስከ ሦስት አንድ በሚሆን ልክ ነው፤ 12 ኪሎ ለሚችል ክር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ማለት ነው። ግራሶ መቀባት ቢያስፈልግ እጅግ በስሱ ይሁን፤ ከተቀባም በኋላ ፍሬኑ እንደ ገና ይመዘን።

ከሥራ በኋላ ኮከቡ መላላት አለበት። ተጨምቆ የከረመ ፕላስቲክ የብረቱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ መጀመሪያ በሚስበው ዓሣ ላይ ይይዛል።

እንግዲህ ሐይቅና ወንዝ ያለባቸው ወረዳዎች ሹማምንት፤ አንድ መብሻ፤ አንድ ካሊፐርና አንድ ባለ ሞላ ሚዛን በጽሕፈት ቤታቸው ቢያኖሩና ይህን ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢያዘጋጁ፤ ብዙ የተጣለ መንኰራኵር እንደ ገና ወደ ሥራ ይመለሳል። አጥማጁም ፍሬኑን በሚዛን አይቶ ወደ ውሃው ይወርዳል።