ስትራትስፔይ፦ ከስኮትላንድ ደጋ የወጣ ዳንስ

የስፔይ ወንዝ ከስኮትላንድ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ሰሜን ባሕር ይገባል። ከሸለቆው በላይ የተዘረጋው ገላጣ ምድር ሙርላንድ ይባላል። ዛፍ እምብዛም አይታይበትም፤ አፈሩ ጥቁርና ውኃ ያዘለ ነው፤ በነሐሴ ወር ሄዘር የሚባለው ቁጥቋጦ ሲያብብ ምድሩ ሐምራዊ ይለብሳል። ሄዘር ከሰሜንና ከባሌ ተራሮቻችን አስታ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ስትራትስፔይ የተባለው ዝግ ያለ ዳንስ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሸለቆ ነው። ሪልና ጂግ የሚባሉት ፈጣን ዳንሶች በአየርላንድም በእንግሊዝም ይጨፈራሉ፤ ስትራትስፔይ ግን የስኮትላንድ የራሷ ነው። ከምድሩ የወጣ ዳንስ ሲባል ነፋሱንና ኮረብታውን በእጅና በወገብ የሚያስመስል ትርኢት የሚጠብቅ ይኖራል። እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። ዳንሱንና ሙርላንዱን የሚያዛምዳቸው መልካቸው ሳይሆን አኗኗራቸው ነው፤ ሁለቱም ዛሬ የያዙትን ቅርጽ ያገኙት በሰው እጅ ነው፤ ያ እጅ ቢለያቸው ሁለቱም እንዳሉ አይቆዩም።

ከዳንሱ እንጀምር። አብዛኛውን ጊዜ አራት ጥንዶች ፊት ለፊት በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። አንዱ ዙር ባመዛኙ 32 የሙዚቃ ባር ሲሆን በስምንት ስምንት ባር ይከፈላል። የፊተኛው ጥንድ ዙሩን ሁለት ጊዜ ይመራና ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀጣዩ ይተካዋል፤ ስምንት ዙር ሲሞላ ሁሉም ወደ መነሻው ተመልሷል። ስትራትስፔይን ከሌላው የሚለየው እርምጃው ነው። አንዱ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ሌላው ከኋላ ይጠጋዋል፤ የመጀመሪያው እንደገና ይራመዳል፤ በአራተኛው ምት የኋለኛው እግር ጉልበቱ ታጥፎ ወደ ፊት ያልፋል። ሙዚቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ አጭሯን ኖታ አስቀድሞ ረጅሟን ያስከትላል፤ ቫዮሊኑ ድምፁን ቆርጦ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ዝግታው ድካም የሚቀንስ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ፈጣን ዳንስ የእግርን ጉድለት ይሸፍናል፤ ስትራትስፔይ አይሸፍንም። እያንዳንዱን ምት እስከ መጨረሻው መሙላት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ከገጠር ሳይሆን ከአዳራሽ የመጣ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ባዶ አይደለም። በረድፍ የሚጨፈረው ዳንስ በእንግሊዝ በ1651 እ.ኤ.አ. በጆን ፕሌይፎርድ መጽሐፍ ታትሟል፤ ወደ ኤዲንብራ የዳንስ አዳራሾች የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከታላላቆቹ የስትራትስፔይ ዜማ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ዊሊያም ማርሻል (1748–1833) በስፔይ ዳር በፎካበርስ ቢወለድም የጎርደን መስፍን የቤት አዛዥ ነበር። ዛሬ የምናየው ወጥ እርምጃም የጸናው በ1923 ጂን ሚሊጋንና ኢዞቤል ስቱዋርት በግላስጎው ባቋቋሙት የስኮትላንድ የገጠር ዳንስ ማኅበር በኩል ነው። ታዲያ የምድሩ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም? የሚሆነው ምድሩ ራሱ ሰው ያልነካው ዱር ቢሆን ነበር። ሙርላንዱ ግን አብዛኛው የቀድሞ ደን ነው። ደኑ ሲመነጠር፣ በግና አጋዘን ሲግጡበት ሄዘሩ ቦታውን ያዘ። ግራውስ የምትባለውን የዱር ወፍ ለአደን የሚያረቡ ባለርስቶች ሄዘሩን በቁርጥራጭ እያፈራረቁ ያቃጥሉታል፤ ወፏ ለጋውን ቡቃያ ትበላለች፣ ባረጀው ሥር ትደበቃለች። በባሌም ከብት አርቢዎች አስታውን ለግጦሽ ያቃጥላሉ። እሳቱና ግጦሹ ቢቆም ከዝቅተኛው ሙርላንድ ብዙው ቀስ በቀስ በበርችና በጥድ ይሸፈናል። ስለዚህ ዳንሱን ሰው አበጀው ብሎ ከምድሩ መነጠል አያስኬድም። ጥልቅ ረግረጉና የተራራው አናት ከዚህ ይለያሉ፤ እነሱ በዝናብና በብርድ ብቻ ገላጣ ሆነው መኖር ይችላሉ። የሄዘሩ ሜዳ ግን አይችልም።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ፣ ስም መስጠት ብቻውን ዝምድና አያመጣም የሚለው ነው። ልክ ነው፤ በተራራ ወይም በሸለቆ የተሰየመ ዳንስ ሁሉ የዚያ ቦታ ነገር አለው ማለት አይቻልም። ሆኖም የዳንስ ቅርጽ ትርጉም መሸከም እንደሚችል ማስረጃ አለ። በ1940፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በፈረንሳይ የተማረኩ የ51ኛው ክፍለ ጦር ስኮትላንዳውያን በጀርመን ላውፈን ከተማ እስር ቤት ውስጥ አዲስ ሪል ፈጠሩ። ጨፋሪዎቹ በአንድ ቦታ ላይ በሰያፍ ተሰልፈው የቅዱስ እንድርያስን መስቀል፣ የአገራቸውን ባንዲራ ምልክት፣ ይሠራሉ። እነዚያ ሰዎች ደጋቸውን ማየት አይችሉም ነበር፤ በእጃቸው የነበረው እርምጃና ሥርዓት ብቻ ነው። ያ አዳራሽ-ወለድ የተባለ ሥርዓት ነው አገራቸውን በአጥር ውስጥ ያቆየላቸው።

በሙርላንዱ ላይ የሚደረገው ቃጠሎ ዛሬ ብርቱ ክርክር አለበት፤ የስኮትላንድ ፓርላማ በ2024 ባጸደቀው ሕግ ፈቃድ ግዴታ እንዲሆን ተወስኗል። ምድሩ ምን ይምሰል የሚለው እንዲህ በየጊዜው እንደገና ይወሰናል፤ ዳንሱም እንዲሁ ነው፤ አዳዲስ ዳንሶች ዛሬም ይደረሳሉ። ስትራትስፔይን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ አንባቢ ኪልት የሚባለውን የወንዶች ቀሚስና ጌጡን ለጊዜው ይተወው፤ በአራተኛው ምት ወደ ፊት የምታልፈውን እግር ይመልከት፤ ጥሩ ጨፋሪ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።