የመገጣጠሚያዎች ነጻነትና ጽናት

ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ መገጣጠሚያ ይባላል። መገጣጠሚያ በብዙ አቅጣጫ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ለውልቃት ይበልጥ ስለሚጋለጥ፣ የሰው አጽም በአንዱ ቦታ ጽናትን፣ በሌላው ነጻነትን እያስበለጠ የተሠራ ነው።

ከሁሉም የጸኑት የራስ ቅል አጥንቶችን የሚያያይዙት ናቸው፤ በአዋቂ ሰው ላይ ፈጽሞ አይላወሱም ማለት ይቻላል። በጨቅላ ሕፃን ላይ ግን አጥንቶቹ ገና ስላልገጠሙ በወሊድ ጊዜ ተጠጋግተው ጭንቅላቱ እንዲያልፍ ያደርጋሉ፤ ከግንባር በላይ የሚታየው እርግብግቢትም የዚሁ ክፍተት ክፍል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይዘጋል። አብዛኞቹ የአከርካሪ አጥንቶች ደግሞ ዲስክ በሚባል ትራስ ስለሚያያዙ እያንዳንዳቸው በጥቂቱ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ።

በነጻነት የሚንቀሳቀሱት መገጣጠሚያዎች አሠራራቸው የተለየ ነው። የአጥንቶቹ ጫፍ ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ሽፋን ይለበጣል፤ ዙሪያውን የከበበው ከረጢትም በውስጡ አንሸራታች ፈሳሽ ያመነጫል። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን በዋናነት የሚያገኘው ከዚሁ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ወደ ውስጥ የሚዘልቀውም መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ በመሆኑ፣ እንቅስቃሴ ራሱ ለመገጣጠሚያ ቀለብ ነው። ከዚህ ወገን የሆነው ክርን በአመዛኙ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይታጠፋል ይዘረጋል፤ የአንገት የመጀመሪያው አጥንት በሁለተኛው ዘንግ ላይ ስለሚዞር ጭንቅላት ወደ ግራና ቀኝ ይመለሳል።

ነጻነትና ጽናት ጎልተው የሚለያዩት ግን በዳሌና በትከሻ ነው። በሁለቱም የአንዱ አጥንት ክብ ራስ በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ ይሽከረከራል። የዳሌው ጎድጓዳ ጥልቅ ስለሆነ የሰውነትን ክብደት ችሎ ይቆማል፤ በቀላሉም አይወልቅም። የትከሻው ግን ጠፍጣፋ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው፤ የክንድ አጥንት ራስ ከጎድጓዳው እጅግ ስለሚበልጥ፣ በቦታው የሚያቆዩት ዙሪያውን ያቀፉት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። እጅ ወደ ሰማይ የሚዘረጋውና ወደ ጀርባ የሚዞረው በዚህ የተነሣ ነው፤ ከትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ አብልጦ የሚወልቀውም ትከሻ ነው።

የወለቀ ትከሻን ወጌሻ ጎትቶ መመለሱ በአገራችን የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከመገጣጠሚያው ሥር ለትከሻ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርስና ከላይኛው ክንድ ቆዳ ስሜት የሚቀበል ነርቭ ስለሚያልፍ፣ ውልቃቱም ሆነ ጉተታው ሊጎዳው ይችላል፤ ከውልቃቱ ጋር አጥንት ተሰብሮ ከሆነም በጉተታ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ሐኪም ትከሻውን ከመመለሱ አስቀድሞ በላይኛው ክንድ የውጭ ቆዳ ላይ ስሜት መኖሩን በመዳሰስ ይፈትሻል፤ ስብራት መኖር አለመኖሩንም በራጅ ያረጋግጣል።