ኤምኤስ፦ እያወሩ ሲሠሩ እጅ ለምን አልታዘዝ ይላል?

መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤምኤስ) ካለብዎት ይህ ገጥሞዎት ሊሆን ይችላል። ብቻዎን ሆነው ቡና ሲቀዱ እጅዎ ደህና ነው። ሰው ሲያነጋግርዎት ግን ቡናው ከሲኒው ውጭ ይፈሳል፤ አንዳንዴም ሲኒው ከእጅዎ ያመልጣል። ቤተሰብ «ልብ ብለሽ ያዢ እንጂ!» ይላል። ይህ ግን የግዴለሽነት ጉዳይ አይደለም።

ለምን ይከሰታል?

በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ የነርቭ ክሮች ማይሊን የሚባል ሽፋን አላቸው። በኤምኤስ የሰውነት በሽታ መከላከያ ሥርዓት ይህን ሽፋን በስህተት ያጠቃል። ሽፋኑ ሲጎዳ በአንጎልና በእጅ መካከል የሚተላለፈው መልእክት ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። በዚህም እጅ ሊዝል፣ ጣት ሊደነዝዝ ወይም ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ጤናማ እጅ የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ብዙ ሐሳብ አይፈልግም። የተጎዳ እጅ ግን ለቀላል ሥራም ትኩረት ይፈልጋል። ኤምኤስ ደግሞ በብዙ ሰዎች ላይ የማሰብ ፍጥነትንና ትኩረትን ይቀንሳል። ስለዚህ ወሬ ወይም ሒሳብ ሲጨመርበት ወይ እጁ ይዘገያል፣ ወይ ንግግሩ ይቋረጣል። ድካምና ሙቀት ሲኖር ይብሳል።

በምርመራ ላይታይ ይችላል

የእጅን ቅልጥፍና ለመለካት ከሚሠራባቸው ምርመራዎች አንዱ ዘጠኝ ትናንሽ ዘንጎችን በዘጠኝ ቀዳዳዎች ከትቶ መልሶ ማውጣት ነው፤ የፈጀው ጊዜ ይለካል። ምርመራው በጸጥታና በሙሉ ትኩረት ስለሚሠራ ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ቤት ውስጥ ሊቸገሩ ይችላሉ። ስለዚህ ለሐኪምዎ «እጄ ደከመ» ብቻ አይበሉ። ምን እየሠሩ፣ በምን ሰዓት፣ ከማን ጋር እያወሩ እንደተቸገሩ ይንገሩ።

ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ቢላዋ፣ የፈላ ውሃ ወይም ጀበና ሲይዙ ሌላ ነገር አይጨምሩ። ስልክ ቢጠራ ይጥራ።
• መድኃኒትዎን ሲያዘጋጁ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይዝጉ።
• ከባድ የእጅ ሥራ ድካም በማይሰማዎት ሰዓት ይሥሩ።
• ሁለት ሥራ አጣምሮ መለማመድ ከፈለጉ ፊዚዮቴራፒስት ያማክሩ፤ ልምምዱም አደጋ በሌለው ነገር፣ ለምሳሌ ልብስ እያጠፉ በማውራት ይጀመር።
• እጅዎን መጠቀም አይተዉ።

ለቤተሰብ፦ የያዘችውን እስክታስቀምጥ ጠብቀው ያነጋግሯት። ሥራውን ከእጇ መቀማት አያስፈልግም።

ሐኪም ዘንድ መቼ ይሂዱ?

አዲስ የእጅ መዛል ወይም መደንዘዝ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ለሐኪምዎ ያሳውቁ። ትኩሳት ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለም ይመርመሩ፤ ኢንፌክሽን የኤምኤስን ምልክቶች ያባብሳል። እጅ በድንገት ከዛለና ፊት ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።