የግብር እርከኖች ከፎርሙላ ውስጥ ሲወጡ

በኤክሴል ፔሮል የሚሠራ የሂሳብ ሠራተኛ የደመወዝ ግብር ሲያሰላ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በኢፍ ነው። ደመወዙ ከዚህ ካላለፈ በዚህ አስላ፣ ካለፈ ወደሚቀጥለው ሂድ ይላል፤ በ«ካለፈ» ቦታ ሌላ ኢፍ ይገባል፣ በዚያም ውስጥ ሌላ። እስከ ኤክሴል 2003 ድረስ አንዱን በሌላው ውስጥ መክተት የሚቻለው እስከ 7 ደረጃ ነበር። ኤክሴል 2007 ጣሪያውን ወደ 64 ሲያሳድገው ነገሩ የተፈታ መሰለ። ዋናው ችግር ግን እንዳለ ነው፤ ሕግ የወሰናቸው ቁጥሮችና ስሌቱ አንድ ሴል ውስጥ እንደተቆላለፉ ቀርተዋል።

ለዚህ የእኛው የገቢ ግብር ጥሩ ማስረጃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የደመወዝ ግብር 7 እርከን ነበረው፤ እስከ 600 ብር ነጻ፣ ከ10,900 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ። ለዚህ 6 ኢፍ ይበቃል፣ የድሮው ኤክሴልም ይሸከመዋል። ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ግን እርከኖቹ 6 ሆኑ፣ ነጻው ገቢ ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ ተቀናሾቹም ተለወጡ። ጣሪያው ያልነካው ፎርሙላ በየፋይሉ እየተፈለገ፣ ቅንፉ እየተቆጠረ እንደገና መጻፍ ነበረበት። በዚህ መሀል አንድ አኃዝ ቢሳሳት ኤክሴል ስህተት ነው ብሎ አይጮህም፤ እውነት የሚመስል የግብር መጠን ያወጣል፣ ከሠራተኛው ደመወዝም ይቆረጣል።

መፍትሔው እርከኖቹን በሌላ ሺት ላይ በሦስት ዓምድ መዘርዘር ነው፦ መነሻ ገቢ፣ መቶኛ፣ ተቀናሽ። በአሁኑ ሕግ መነሻዎቹ 0፣ 2,000፣ 4,000፣ 7,000፣ 10,000 እና 14,000 ናቸው፤ መቶኛዎቹ 0፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እና 35፤ ተቀናሾቹ 0፣ 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ብር። ቪሉክአፕ ከደመወዙ የማይበልጠውን የመጨረሻ መነሻ ፈልጎ የዚያን ረድፍ መቶኛና ተቀናሽ ያመጣል። ደመወዙ 9,000 ከሆነ በ7,000 ረድፍ ላይ ያርፋል፤ የ9,000 ሩብ 2,250 ነው፣ 850 ሲቀነስ ግብሩ 1,400 ብር። መነሻዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር አለባቸው፣ የፍለጋው ዓይነትም «ግምታዊ» መሆን አለበት፤ ይህ ከተዘለለ ውጤቱ ይበላሻል።

ሕጉ «እስከ 2,000» ሲል ራሱን 2,000ን ከታች ያስገባል፣ ሠንጠረዡ ግን ወደላይ ይጥለዋል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ትክክል ነው፤ በደመወዝ ግብር ላይ ግን ልዩነት አያመጣም፣ የ2,000 15 በመቶ 300 ነውና ተቀናሹ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። በሌሎቹ ወሰኖችም እንዲሁ ነው። ተቀናሽ በሌለበት ስሌት፣ ለምሳሌ ነጥብን ወደ ፊደል ውጤት ሲቀይሩ፣ መነሻውን በጥንቃቄ መምረጥ ግድ ነው። ሌሎች ደግሞ የሁሉንም እርከን ስሌት ማክስ ውስጥ አስገብተው ትልቁን ይወስዳሉ። መቶኛው እየጨመረ ስለሚሄድ መልሱ ሁልጊዜ ትክክል ነው፣ ብልሃቱም ያምራል፤ ቁጥሮቹ ግን ተመልሰው ፎርሙላው ውስጥ ገቡ። ሠንጠረዡን ማንም ይነካዋል ለሚሉት፣ ሺቱ በይለፍ ቃል ይቆለፋል፣ ውስጡ ያለውንም ከአዋጁ ጋር አስተያይቶ ማረጋገጥ የደቂቃ ሥራ ነው። የድሮውን ሠንጠረዥም አለማጥፋት ይሻላል፤ ከማሻሻያው በፊት የነበሩ ወራት ሂሳብ ኦዲት ሲደረግ የሚሰላው በዚያ ነው።