የተማሪዎች አለቃ፤ ከሹመት ወደ ውክልና
በገጠር ትምህርት ቤት ስላለው የማኅበር ኑሮ ለወላጆች የቀረበ ጽሑፍ

ሳውዝ ሲ የሚባለው ሰፈር ከናይሮቢ ከተማ በስተደቡብ፣ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ወደ ሞምባሳ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ሳይርቅ የሚገኝ ነው። በዚሁ ሰፈር የመንግሥት ሠራተኛውና ነጋዴው፣ የአገሩ ተወላጅና ከሌላ አገር መጥቶ የተቀመጠው በጉርብትና ይኖራሉ። የኬንያ የትምህርት ዘመን በሚከፈትበት በጥር ወር መግቢያ ብዙዎቹ ቤቶች በአንድ ዓይነት ሥራ ይጠመዳሉ። የቆርቆሮ ሣጥን ይገዛል፤ ፍራሽ ይጠቀለላል፤ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ ሳሙናና የሣጥን ቁልፍ ይሰናዳል። ልጁ ወይም ልጅቱ ወደ ገጠር አዳሪ ትምህርት ቤት ሊሄዱ ነውና።

በናይሮቢ ትምህርት ቤት ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። በኬንያ ልማድ ፈተናውን በመልካም ውጤት ያለፈ ልጅ በመንግሥት ምደባ ከቤቱ ርቆ ወደ ሌላ አውራጃ ይላካል። ብዙ ወላጆችም የገጠሩ ጸጥታ ለትምህርት ይረዳል፣ ከሌላ ነገድ ልጆች ጋር አብሮ ማደርም ሰውን ሰው ያደርጋል ብለው ይህን ይመርጣሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን አስተዋይ ወላጅ ሁሉ በልቡ የሚይዘው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም መምህሩ ወደ ቤቱ ከገባ፣ መብራቱም ከጠፋ በኋላ፣ በዚያ ረጅም የመኝታ ቤት ውስጥ ልጄን የሚጠብቀው ማነው? የሚል ነው።

መልሱ በአጭሩ ሌላ ተማሪ ነው የሚል ይሆናል። ስለዚህ የተማሪዎች አለቃ እንዴት እንደሚመረጥና ምን እንደሚሠራ ማወቅ የትምህርት ቤት ሹማምንት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የቤተሰብም ጉዳይ ነው።

አለቃና ወኪል

በአማርኛ ሁለት ቃላት አሉን። አለቃ ማለት በሰዎች ላይ የተሾመ፣ የሚያዝና የሚቈጣጠር ማለት ነው። ወኪል ማለት ደግሞ ስለ ሌሎች ሆኖ የሚናገር፣ የላኩትን ሰዎች ቃል የሚያደርስ ማለት ነው። አለቃ ሥልጣኑን ከላይ ይቀበላል፤ ወኪል ግን ከታች ይቀበላል። በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች መሪነት ባለፉት መቶ ዓመታት የተጓዘው መንገድ ከመጀመሪያው ቃል ወደ ሁለተኛው ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የመንገዱ መነሻ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኪኩዩ ከተማ የሚገኘው አሊያንስ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። ይህን ትምህርት ቤት የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች ተባብረው በ1926 የከፈቱት ሲሆን፣ በኬንያ ለአፍሪካውያን ልጆች የመጀመሪያው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ። ስሙም የተወሰደው ከዚያው ከሚሲዮኖቹ ኅብረት ነው። መሪ ቃሉ «ለማገልገል ብርቱ» የሚል ትርጉም አለው።

ከ1940 እስከ 1962 ድረስ ትምህርት ቤቱን ያስተዳደሩት ኤድዋርድ ኬሪ ፍራንሲስ ቀድሞ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ የነበሩ እንግሊዛዊ ናቸው። በእርሳቸው ዘመን ተማሪው የሚነሣው በደወል፣ የሚተኛውም በደወል ነበር። ተማሪዎቹ እንደ ሊቪንግስተንና አግሬ ያሉ ስሞች በተሰጧቸው የመኝታ ቤቶች ተከፍለው ይኖሩ ነበር። ከትልልቆቹ ተማሪዎች የተመረጡ አለቆች ንጽሕናውን፣ ሰዓቱንና ጸጥታውን ይቈጣጠሩ ነበር። እነዚህን አለቆች በየትምህርት ቤቱ የሚሾማቸው መምህሩ ነው፤ የሚሽራቸውም እርሱ ነው።

ይህ ሥርዓት ፍሬ አላፈራም ለማለት አይቻልም። ኬንያ በ1963 ነፃነቷን ስታገኝ ከመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮችና ከፍተኛ ሹማምንት መካከል ብዙዎቹ የአሊያንስ ተማሪዎች የነበሩ ናቸው። ከዚህም በላይ ትምህርት ቤቱ በጭንቅ ጊዜ ለብዙ ልጅ መጠጊያ ሆኗል። በ2025 ያረፉት ታዋቂው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ወደ አሊያንስ የገቡት በ1955፣ የማው ማው ጦርነት ገና ሳይበርድ ነበር። ወንድማቸው በጫካ ከአርበኞቹ ጋር ነበረ። ንጉጊ የመጀመሪያውን የትምህርት ክፍለ ጊዜ ፈጽመው ለዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንደራቸውን አላገኙትም። የቅኝ ገዥው መንግሥት መንደሩን አፍርሶ ሕዝቡን በሌላ ስፍራ አስፍሮት ነበርና። ይህንንም በ2012 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ ተርከውታል።

እንግዲህ ቤቱ ለፈረሰበት ልጅ የትምህርት ቤቱ ማኅበር ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። የመኝታ ቤቱ አለቃ ለእንዲህ ያለው ልጅ የታላቅ ወንድም ምትክ ነው። ታላቅ ወንድም ደግሞ ሊጠብቅም፣ ሊበድልም ይችላል።

ሹመት ዱላ ሲሆን

ከጊዜ በኋላ ትምህርት ቤቶች በዙ። ከነፃነት በኋላ ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ «ሐራምቤ» የሚለውን ቃል የአገር መፈክር አደረጉት፤ ትርጉሙ «አብረን እንጐትት» እንደ ማለት ነው። በዚህ ቃል የገጠሩ ሕዝብ እንደ እኛ አገር ደቦ እየወጣ፣ ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ጕልበት ያለው ጕልበት እያዋጣ፣ በየመንደሩ የሐራምቤ ትምህርት ቤት ሠራ። ሥራው እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የተማሪው ቍጥር ከመኝታ ቤቱና ከመምህራኑ ቍጥር ይልቅ ፈጥኖ አደገ። በጥቂት መምህራን ብዙ መቶ ልጆችን ለመጠበቅ ሲያስፈልግ፣ የአለቆቹ ሥልጣን እየሰፋ ሄደ። በብዙ ቦታ አለቃው የተለየ ክፍል ተሰጠው፤ የተሻለ ምግብም ደረሰው፤ ባልንጀራውን እስከ መቅጣትም ተፈቀደለት። በዚህም ምክንያት በተማሪዎቹ ዓይን የመምህሩ ሰላይ ሆኖ ታየ።

የዚህ ነገር ፍጻሜ በ1999 ታየ። በኒየሪ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሌሊት የተነሡ ተማሪዎች አራት አለቆች በተኙበት ክፍል ዘግተውባቸው በእሳት አቃጠሏቸው፤ አራቱም ሞቱ። ሹመቱን ራሳቸው ያልፈጠሩት እነዚህ ወጣቶች የሥርዓቱን ጥላቻ በሕይወታቸው ከፈሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የባሰ መጣ። በሳውዝ ሲ አጠገብ የሚያልፈው የሞምባሳ ጎዳና ከናይሮቢ ወጥቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙበት ወደ ማቻኮስ አገር ያደርሳል። በዚያ በሚገኘው በኪያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በማርች 2001 በሌሊት በመኝታ ቤት ላይ በተለኰሰ እሳት 67 ወንዶች ልጆች አለቁ። መስኮቶቹ ብረት ነበረባቸው፤ አንደኛው በርም ተቈልፎ ነበር። እሳቱን ለኰሱ ተብለው የተከሰሱትም የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ።

በልጆች መካከል ቅሬታ ምንጊዜም አይጠፋም። ምግቡ አነሰ፣ ቅጣቱ በዛ፣ ገንዘባችን ምን ላይ ዋለ ማለት በየትኛውም አዳሪ ቤት ያለ ነገር ነው። ቅሬታው መውጫ በር ያገኘ እንደሆነ ንግግር ሆኖ ይበርዳል፤ በሩ የተዘጋበት እንደሆነ ግን ውስጥ ለውስጥ ይጋያል። የዚህ ሁሉ ሐዘን ትምህርቱ ይኸው ነው።

በሩ እንዴት ተከፈተ

የኬንያ መንግሥት በ2001 በትምህርት ቤት መግረፍን በደንብ ከለከለ። በ2008 ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደገና በታወኩ ጊዜ የትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት ቤት ደኅንነት መመሪያ አወጣ። በመመሪያው መሠረት የመኝታ ቤት በር ወደ ውጭ የሚከፈት መሆን አለበት፤ ተማሪ በውስጡ ሳለ ከውጭ አይቈለፍም፤ መስኮቱ ብረት አይደረግበትም፤ በአልጋና በአልጋ መካከልም ቢያንስ 1.2 ሜትር ስፋት ሊኖር ይገባል።

የእንጨቱ በር እንዲህ ከተደነገገ በኋላ የንግግሩ በር ተከተለ። በ2009 ሚኒስቴሩ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ጋር በመሆን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምክር ቤት እንዲቋቋም አደረገ። ከዚያ ወዲህ መምህሩ የሚሾመው አለቃ ቀርቶ፣ ተማሪዎች ራሳቸው በምስጢር ድምፅ የሚመርጡት ወኪል በየትምህርት ቤቱ እየተተካ መጣ። በ2013 የወጣው የመሠረታዊ ትምህርት ሕግም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአስተዳደር ቦርድ ውስጥ የተማሪዎች ምክር ቤት ወኪል እንዲቀመጥ ደነገገ። እንግዲህ የመንደሩ ሽማግሌ፣ የወላጆች ወኪልና አንድ ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ትምህርት ቤቱ ይመክራሉ ማለት ነው።

የምክር ቤቱ ሥራ በየቀኑ የሚታይ ነው። አንዱ የመኝታ ቤቱን ይመለከታል፤ ሌላው የመመገቢያ አዳራሹን፣ ሌላው ስፖርቱን፣ ሌላው ንጽሕናውን ይይዛል። ጊዘሪ የሚባለው የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ሳይበስል ቀርቦ እንደሆነ፣ የመመገቢያው ኃላፊ ለወጥ ቤቱ ሹም ይነግራል። አዲስ የገባውን ልጅ ነባሮቹ ያስቸገሩት እንደሆነ፣ የመኝታ ቤቱ ኃላፊ ነገሩን ይሰማል። ትልቅ የሚመስል ሥልጣን አይደለም፤ ነገር ግን ትንሹ ነገር በጊዜው ሲሰማ ትልቁ ነገር ሳይወለድ ይቀራል።

ሥርዓቱ ጕድለት የለበትም አንልም። ምርጫ ባለበት ሁሉ አንደበተ ርቱዕ ብቻ የሆነው ሊያሸንፍ፣ ሊፈጽመው የማይችለውንም ተስፋ ሊሰጥ ይችላል። አንዳንድ ዲሬክተሮችም ምርጫውን ለስም ያህል አድርገው ውጤቱን በስውር የሚወስኑ አሉ። አደጋውም ገና አላለፈም። በሴፕቴምበር 2024 በኒየሪ አገር በኤንዳራሻ ሂልሳይድ አካዳሚ የመኝታ ቤት እሳት 21 ትንንሽ ወንዶች ልጆችን ገድሏል። ሕግ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በየሌሊቱ በሩ መከፈቱን መመርመር ሌላ ነገር ነው።

በእኛም አገር

ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤት ልጅ ከወላጆቹ ቤት ርቆ ይሄዳል፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከጓደኞቹ ጋር በሠራት ትንሽ ጎጆ ያድራል። ለምኖ ያመጣውንም ቍራሽ ከማኅበሩ ጋር ይካፈላል። በዚያ ማኅበር ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስቀጽላል፤ የኔታ ሳይደርሱለት የቀረውን እርሱ ይሞላል። ክብሩ የሚመጣው ቀድሞ ከመማሩና የተማረውን ለታናሹ ከማካፈሉ ነው። በ1943 በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም አዳሪ ስለ ነበረ፣ ዘመናዊውን ትምህርት ከማኅበር ኑሮ ጋር አስተባብሮ ይዟል። የኬንያ ልምድ በዚህ ላይ የሚጨምርልን ነገር ቢኖር፣ ታላቁ ታናሹን ማስተማር ብቻ ሳይበቃው ቃሉንም ወደ በላዮቹ ማድረስ እንዳለበት ነው።

ለወላጆችና ለተመረጠው ልጅ

ልጁን ወደ ገጠር የሚልክ ወላጅ፣ በሳውዝ ሲም ይኑር በአዲስ አበባ፣ ስለ ፈተናው ውጤት ብቻ ጠይቆ መመለስ አይገባውም። ወላጆች በሚጋበዙበት ቀን ትምህርት ቤቱን ሲጐበኝ እነዚህን ነገሮች ቢጠይቅ መልካም ነው። የመኝታ ቤቱ በር ወዴት ይከፈታል? ቁልፉስ በሌሊት በማን እጅ ነው? የተማሪዎቹን መሪ የመረጠው ማነው? ምክር ቤቱ ከዲሬክተሩ ጋር በስንት ጊዜ አንድ ቀን ይገናኛል? ባለፈው ስብሰባ ከቀረበው አቤቱታ የተፈጸመው የትኛው ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ ፈጥኖ መልስ የሚሰጥ ዲሬክተር ልጆቹን የሚሰማ ሰው ነው።

ተመርጦ ኃላፊነት የተሰጠው ልጅ ደግሞ ሦስት ነገሮችን ይያዝ። መጀመሪያ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር አንድ ዓይነት ምግብ ይብላ፤ ማዕዱ የተለየ መሪ የማኅበሩን ረኃብ አያውቅም። ሁለተኛ፣ የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያድርስ፤ መልሱም እንቢታ ቢሆን እንኳ ለላኩት ይመልስ። ሦስተኛ፣ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚያመጣ ምክር የሰማ እንደሆነ፣ ወዳጆቼን አሳልፌ ሰጠሁ ብሎ አይፈር። በዚያ ሰዓት ዝም ማለት ታማኝነት አይባልም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶች። የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ጥበቃም ለዲሬክተሩ ብቻ፣ ወይም ከላይ ለተሾመ አንድ አለቃ ብቻ የተተወ እንደሆነ ሸክም ነው። ተማሪው፣ መምህሩ፣ መንደሩና ወላጁ የተካፈሉት እንደሆነ ግን ልጆቹ በሰላም ተኝተው በሰላም ይነሣሉ።